ከስቱኮው ሥር ያለው ብረት



ከአፍዴራ ሐይቅ ጨው የጫነ መኪና ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሚሌን አልፎ፣ የባቲን ዳገት ወጥቶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሐረጎን እየተጠማዘዘ ወጥቶ ደሴ ሲገባ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ታች በረሃው ላይ ጨው የጠገበውን ብረት ደጋው ላይ ጉምና ካፊያ ይቀበለዋል። ለዝገት የዚህን ያህል የተመቸ መንገድ በአገራችን ብዙ የለም።

ጨው ጫኙ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ከጂቡቲ ኮንቴይነር ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚመጣው መኪና ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ጨዋማውን የባሕር አየር እየጠጣ ይቆያል። ወደባችን አሰብ በነበረበት ዘመን፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ በዚሁ በባቲ መስመር የተመላለሱት ፊያት ኤንትሬዎችም ከዚህ አላመለጡም። ሰኞ ከባቲ ገበያ ከብትና ፍየል ጭኖ የሚወጣው አይሱዙ ሌላ ጠላት አለበት፤ የከብት ሽንት ጨውና አሞኒያ ስላለው የካሶኒውን ወለልና ከሥሩ ያለውን ብረት ይበላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው ሚኒባስ ደግሞ መበላት የሚጀምረው ከላይ ነው። የፖርቶመጋላው እግር የጣሪያውን ጠርዝ ቀለም ይፍቃል፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለው የውሃ መሄጃ አቧራና ቅጠል ይይዛል፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ተኝቶበት ይከርማል።

ዝገት ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር አዲስ ነገር ነው። ንጹሕ ውሃም ቢሆን ብረትን ያዝጋል፤ ጨው ሲገባበት ግን ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይጨምራል፣ መበላቱም ይፋጠናል። አሉሚኒየምም ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ይሁን እንጂ በላዩ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ጥብቅ ብሎ የታችኛውን ስለሚከላከል ነገሩ እዚያው ይቆማል። የብረት ዝገት እንዲህ አይደለም። ይቦናል፣ እርጥበት ይስባል፣ ከተፈጠረበት ብረት ብዙ እጥፍ ቦታም ይይዛል። በዚህ የተነሣ ቀለሙን ከሥር እየገፋ፣ ሽሮ ሲንተከተክ እንደሚያወጣው ያለ ጉብታ ያወጣል። ከበሩ ሥር አንዲት ጉብታ ከታየች ከኋላዋ ያለው ላሜራ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ተበልቶ አልቋል።

ላንድሮቨር አይዝግም ሲባል የሚሰማውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የተሠራው ላንድሮቨር አካሉ በአብዛኛው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። አሉሚኒየሙና ብረቱ በብሎን በተያያዙበት ቦታ እርጥበት ሲገባ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠርና አሉሚኒየሙ እየነጣ፣ እየተፈረፈረ ያልቃል። ሻንሲው ደግሞ እንደማንኛውም ብረት ይዝጋል። ስለዚህ የገጠር ላንድሮቨር የሚገዛ ሰው አካሉን አይቶ መርካት የለበትም፤ ተንበርክኮ ከሥር ማየት አለበት።

ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም በዚህ ጉዳይ ተዋርደዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የጣልያኑ ላንቺያ ቤታ በተባለው ሞዴሉ ላይ በታየ ዝገት የተነሣ እንግሊዝ አገር የሸጣቸውን ብዙ መኪኖች ከባለቤቶቻቸው መልሶ እስከ መግዛት ደርሷል። የዝገቱ ቦታ ሞተሩን የሚሸከመው ክፍል የሚታሰርበት ነበር። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ሻንሲያቸው የዛገ ፒክአፖቹን በተመለከተ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያወጣ በሚችል ስምምነት ክሱን ዘግቷል። በተቃራኒው ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የ911 ሞዴሉን አካል ዚንክ በተነከረ ላሜራ መሥራት ጀመረ፤ ዚንኩ ከብረቱ በፊት እየተበላ ብረቱን ያድናል። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ለዓመታት የሚቆየውም በዚሁ ብልሃት ነው።

ይህ ሁሉ እኛን የሚመለከተን መኪና በቀላሉ የምንለውጥ ሰዎች ስላልሆንን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ አሮጌ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ላዳና ሚኒባስ እንግዲህ ብዙ ዓመት እየተጠገነ መኖሩ ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ጊርቦክስ ይቀየራል። አካሉ ከበሰበሰ ግን አዲስ ሞተር የሚሸከም ነገር የለም። የላሜራ ሥራ የውበት ጉዳይ ተደርጎ መታየቱ ትልቅ ስሕተት ነው፤ መኪናውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነውና።

እንደ ኮሮላና ቪትዝ ያሉ መኪኖች የተለየ ሻንሲ የላቸውም። አካሉ ራሱ ሻንሲያቸው ነው። ከበሮቹ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው ባዶ ሣጥን መሰል ብረት ጌጥ ሳይሆን የመኪናው ምሰሶ ነው። የመቀመጫው ማሰሪያ፣ የደኅንነት ቀበቶው መያዣ፣ የኋላ እግሩ ማያያዣ፣ ሁሉም ከእሱ ላይ ወይም ከአጠገቡ ናቸው። ይህ ብረት በስብሶ ሐረጎን በሙሉ ጭነት መውረድ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጋራዥ ውስጥ የሚደረገው ንግግር ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

«ልጄ፣ ስቱኮ ምታበትና ቀባልኝ፤ ቦሎ ላሳድስበት ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተበልቷል። ቆርጠን ካላወጣነው ከስድስት ወር አያልፍም።»

«የመቁረጡን ገንዘብ ከየት አመጣዋለሁ? ለጊዜው ይሸፈንልኝ።»

ወጣቱ እውነቱን ተናግሯል። ባለ መኪናውም አልዋሸም፤ ገንዘቡ የለውም። ሆኖም ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሥራ ጥገና ሊባል አይገባውም። ቀዳዳው ውስጥ ጋዜጣ ወይም ጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ በላዩ ስቱኮ ይለጠፋል፣ ይፈገፈጋል፣ ይቀባል። ስቱኮ ጥቃቅን ጉድጓድ ለማስተካከል የተሠራ እንጂ ጭነት የሚሸከም ነገር አይደለም፤ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር በላይ ውፍረትም አይሻም። ውስጥ የቀረው ጨርቅ ውሃ ይጠጣል፣ ዝገቱ ከቀድሞው በበለጠ ፍጥነት ይቀጥላል። መኪናው ለሌላ ሰው ሲሸጥ ደግሞ የተሸፈነው ነገር ማታለል ይሆናል። ለዚህ ቀላል መፈተሻ አለ፦ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ከበሩ ሥር፣ ከፓራፋንጎው ጠርዝና ከጎማው ዙሪያ ማስኬድ። ከብረት ጋር ይይዛል፤ ስቱኮ የበዛበት ቦታ ሲደርስ ይላቀቃል።

ታዲያ ደኅናው ሥራ እንዴት ነው? አንድ ቮልስ ይዘን ብንሄድ ይሻላል፤ ይህች መኪና በአገራችን ታሪክም ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ዛሬም በየከተማው የሚንከባከቧት ሰዎች አሉ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ወለሉ ላይ ነው። ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ቀለሙን ያነሣል፣ ከመንገድ የሚረጨው ውሃ ከሥር ይመጣል፣ በዚህም የተነሣ ወለሉ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበሳው እዚያ ላይ ነው።

ባለሙያው ባትሪውንና ወንበሩን አውጥቶ፣ ምንጣፉን ገልጦ፣ ወለሉን በደንብ አጥቦ ያደርቃል። የአሲዱን ቅሪት ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ይሽረዋል። ከዚያ በሽቦ ብሩሽና በካቻቢቴ ጫፍ እየወጋ ይፈትሻል። ላይ ላዩን ብቻ የዛገው በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ነጭ ብረት ያወጣል። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ግን ተፈግፍጎ አይጨርስም፤ ከጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት ማጠቢያ መግደል ያስፈልጋል። ካቻቢቴው የሚበሳው ቦታ መቆረጥ አለበት። ስንት ይቆረጥ ለሚለው መልሱ ቁርጥ ነው፦ ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን ከቀዳዳው አልፎ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር፣ ብረቱ ውፍረቱን እስኪያገኝ ድረስ። ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ለባለ መኪናው አዝኖ ትንሽ ይቆርጣል፣ የሳሳ ጠርዝ ላይ ይበይዳል፣ ብየዳው ጠርዙን እያቀለጠ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ቀጥሎ የሚለጠፈው ብረት ይመረጣል። እዚህ አገር በእጅ የሚገኙት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ከግማሽ ሚሊሜትር የሳሳ ስለሆነ ለመኪና አካል ፈጽሞ አይሆንም፣ ቢሆንም የሚሠሩበት አሉ። ሁለተኛው የዘይት በርሜል ነው። የ200 ሊትር በርሜል ላሜራ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት አለው፤ ጠንካራ ቢሆንም የመኪናው አካል 0.7 ወይም 0.8 ሚሊሜትር በመሆኑ ሁለቱ ሲበየዱ ወፍራሙ ሳይግል ስሱ ይቀልጣል፣ በኋላም መኪናው ሲንቀጠቀጥ ከመጋጠሚያው ጎን ይሰነጠቃል። ለጭነት መኪና ካሶኒ ያገለግላል፣ ለቪትዝ በር ግን አይደለም። ትክክለኛው ሦስተኛው ነው፤ ከመኪናው ውፍረት ጋር የሚመጣጠን አዲስ ላሜራ፣ ወይም ከተጋጨ ተመሳሳይ መኪና ላይ የተቆረጠ ጤናማ ክፍል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ የሚፈልገውን ቁራጭ ለክቶ የሚያመጣ ባለሙያ ዋጋው ከፍ ቢል ሊገርም አይገባም።

ብየዳው ትዕግሥት ይጠይቃል። ስስ ላሜራ ላይ ቀጥ ያለ ረጅም መስመር መበየድ ብረቱን ያጣምመዋል። ደኅናው በያጅ ነጥብ ያሳርፋል፣ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ ሌላ ነጥብ ያሳርፋል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፣ ከዚያ በነጥቦቹ መካከል ይሞላል። በጋዝ የሚታገዘው የሽቦ ብየዳ፣ ሚግ የሚባለው፣ ለዚህ የተሻለ ነው። በተራ ኤሌክትሮድ የሚሠራም አለ፤ ግን ቀጭን ኤሌክትሮድ፣ ዝቅተኛ ከረንትና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ሁለቱ ብረቶች ጠርዝ ለጠርዝ ቢገናኙ ይመረጣል። አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ከተበየደ ግን በመካከላቸው ውሃ የሚገባበት ጠባብ ክፍተት ይቀራል፤ እዚያ ውስጥ ብሩሽ አይደርስም፣ ዝገቱ ግን ይደርሳል። መደረብ ግድ ከሆነ ሁለቱም ፊት ብየዳ የሚችል የዚንክ ፕራይመር ተቀብቶ፣ መጋጠሚያው ከላይም ከታችም መታሸግ አለበት።

ከብየዳው በኋላ ኢፖክሲ ፕራይመር ይመጣል። ብዙ ቦታ በእሱ ፋንታ ለቤት በርና ለአጥር የሚቀባውን ቡናማ አንቲረስት ይጠቀማሉ። አንቲረስቱ ለአጥር ጥሩ ነው፤ ቲነር የበዛበት የመኪና ቀለም ሲያርፍበት ግን ይኮማተራል፣ ይላጣል። ቁጠባ መስሎ ሥራውን ሁለት ጊዜ ያሠራል።

ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም የቀለምና የስቱኮ ሥራቸው አንድ አይደለም። ስቱኮ የሚጠነክረው ከማጠንከሪያው ጋር ሲዋሐድ ነው፤ የማጠንከሪያው መጠንም ከስቱኮው ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። በደሴ የክረምት ብርድ ስቱኮው ቶሎ አልደርቅ ሲል ማጠንከሪያውን ማብዛት የተለመደ ነው። በዝቶ የገባው ማጠንከሪያ ግን ከጊዜ በኋላ በቀለሙ ውስጥ አልፎ ቢጫማ ነጠብጣብ ያወጣል። ከማብዛት ይልቅ ብረቱን በመብራት ማሞቅ ይሻላል። ቀለሙም እንዲሁ ነው። ቲነሩ ሲተን የሚቀባውን ፊት ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ ጉም ከሆነ እርጥበቱ ቀለሙ ላይ ያርፍና ያደበዝዘዋል። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ደሴ ላይ ደጅ የተቀባ መኪና ነጣ ያለ ጭጋግ ለብሶ የሚገኘው ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ይረዳል፤ እዚያ የሚያስቸግረው አቧራ ነው፣ ፋብሪካውና ከባድ መኪናው የበዛበት ከተማ ነውና። የደሴ ባለ መኪና በክረምት ብየዳውን እዚያው አሠርቶ ቀለሙን ኮምቦልቻ ወርዶ ቢያስቀባ ከሚያወጣው ናፍጣ ይልቅ የሚያተርፈው ይበዛል።

ስለ ሠራተኛው ጤና ጥቂት መባል አለበት፤ ስለ መኪናው ስንጨነቅ ሰውዬውን እንረሳለንና። ዚንክ የተነከረ ላሜራ ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። ይህን ጭስ የሳበ በያጅ ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፤ ወባ ነው ብሎ የሚተኛም አለ። በየጋራዡ ለዚህ መከላከያ ተብሎ ወተት ይጠጣል። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ ወደ ሳንባ የገባን ጭስ ግን አያወጣም። የሚከላከለው ከሚበየደው ቦታ ዚንኩን አስቀድሞ ፈግፍጎ ማንሣት፣ በተከፈተ ቦታ መሥራት፣ ተገቢውን ማስክ ማድረግ ነው። በግራይንደር ሲሠራ መነጽር ግዴታ ነው። ከካርባይድ ጋዝ እያወጡ የሚበይዱ ጋራዦች ገንዳውን ከእሳቱና ከብልጭታው ማራቅ አለባቸው። የነዳጅ ታንከር ደግሞ «ባዶ ነው» ተብሎ አይበየድም፤ ባዶ ታንከር ውስጥ ያለው ትነት ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው።

ጥሩ የተሠራ ጥገናም ካልተጠበቀ ይበላሻል። እኛ ዘንድ የቆየው ልማድ ግራሳጆ ሲደረግ ሻንሲውን በተቃጠለ ዘይት መቀባት ነው። ዘይቱ ለጊዜው ውሃ ይከላከላል፤ ሆኖም ከሞተር የወጣ አሲድና ቆሻሻ ይዟል፣ የጎማ ቡሺንጎችንና የፍሬን ቱቦዎችን ያለሰልሳል፣ ለሚቀባው ሰው ቆዳም መርዝ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲያጥበው የሚወርደው ወደ ቦርከና ነው፤ ቦርከና ደግሞ ከታች ከብት የሚጠጣው፣ አትክልት የሚለማበት ወንዝ ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። የተሻለው በባዶ ክፍተቶች ውስጥ ሰም ያለውን የክፍተት መከላከያ በቱቦ መርጨት፣ ከሥር ደግሞ ለዚሁ የተዘጋጀውን ሽፋን መቀባት ነው። ይህም ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ መሆን አለበት፤ ጭቃና ዝገት ላይ የተቀባ ሽፋን እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል።

ገንዘብ የማይጠይቀው ጥበቃ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በየበሩ ሥር ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ፤ በአቧራ ሲደፈኑ በሩ ውሃ ያቁራል። ሰኔ ሳይገባ በሽቦ መክፈት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ከፓራፋንጎው ውስጥ የተጋገረውን ጭቃ በውሃ ማውረድ፣ የራሰ ምንጣፍ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ከአፋር ወይም ከጂቡቲ የተመለሰን መኪና ላቫጆ አስገብቶ ከላይ ሳይሆን ከሥር ማሳጠብ፦ እነዚህን የሚያደርግ ባለ ንብረት በያጅ ቤት የሚሄድበት ጊዜ እጅግ ይርቃል።

ደሴ ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አላት፤ ኮምቦልቻም የራሷ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላት። ጋራዦቻችን በየቀኑ ቆርጠው የሚጥሏቸው የበሰበሱ ብረቶች ለእነዚህ ተማሪዎች ከመጽሐፍ ሥዕል የበለጠ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ባለ ጋራዦች ቢሰጧቸው፣ መምህራንም ቢጠይቋቸው መልካም ነው። የቴክኒክ ምርመራ የምታካሂዱም ቀለሙ ስላማረ ብቻ አትለፉ፤ ማግኔትና ካቻቢቴ ይዛችሁ ከበሩ ሥር ዝቅ በሉ።

ባለ መኪኖች ሆይ፣ መኪናችሁን ላሜራ ቤት ስታስገቡ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የምትመለሱበትን ቀን ከባለሙያው ጋር ተነጋግራችሁ ያዙ። በዚያ ቀን ሄዳችሁ የተቆረጠውንና የተበየደውን ብረት ራቁቱን እዩ፤ ስልክ ካላችሁ ፎቶ አንሡት። ገንዘባችሁ ለሁሉም ካልበቃ የውጭ ቀለሙን ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ በኢፖክሲ ፕራይመር ብቻ ለጥቂት ጊዜ ብትነዱም ምንም አይደል። የመጀመሪያው ክፍያ ለምሰሶው፣ ለወለሉና ለቀበቶው መያዣ ይሁን።